ውኃ የሚጠጣው መደብ

በጣልያን ጊዜ ነው። ባለቤቴ ዱር ስለ ገባ ከደጋው ከጅሩ ወርጄ ሸዋ ሮቢት አንድ ባዶ ቤት ውስጥ ተጠለልኩ። ከጓሮ በርበሬዬ በቀር መተዳደሪያ አልነበረኝም። በርበሬው ከሞተ ለልመና መውጣቴ ነው።

ክረምቱ ሲገባ ጥቁሩ አፈር ውኃውን ይዞ አልለቅም አለ። ጣልያን የደለደለው መንገድ የቀድሞውን መፍሰሻ ዘግቶታል። ቅጠሉ ወየበ፤ አንዱን ነቅዬ ባየው ሥሩ በስብሷል። እንዳገሬ ሴቶች አፈሩን በእጄ እየዛቅሁ፣ ሹሩባ እንደሚሠራ ሰው፣ ከፍ ከፍ ያለ መደብ አወጣሁ፤ በየመካከሉም ቦይ ተውኩ።

ጎረቤቴ፣ አንዲት ሙስሊም ባልቴት፣ በአጥር አሻግረው አዩኝና ሳቁ።

«አንቺ ደገኛ፣ መሬቱን ልትድሪው ነው እንዴ ሹሩባ የምትሠሪለት?»

«ካማረበት ምን ይላሉ፣ እትዬ!»

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ ብወጣ ቦዩ ሁሉ ባዶ ነው። መውጫ ግን ገና አልከፈትኩለትም። ጎንበስ ብል ከመሃለኛው መደብ ሥር ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የጠላ ጥንስስ የሚሸት ሞቅ ያለ ትንፋሽም ፊቴን መታኝ። አማተብኩና ተጣራሁ።

እትዬ መጥተው ሲያዳምጡ ሳቃቸው ጠፋ።

«ቢስሚላህ! ይኼማ የማሽላ ጉድጓዱ ነው። የቤቱ ጌታ ጣልያን ሲገባ እህሉን ቀበረ፤ የት እንደሆነ ለማንም አልነገረም። ከዚያ ለመንገድ ሥራ ወሰዱትና ቀረ።»

«ሞቷል?»

«ማን አየ? ባለቤቱ ሳይመጣ ጉድጓድ አይነካም፣ ልጄ። አንቺ ደግሞ ውኃ አጠጣሽው።»

ብደፍነው ውኃው መውጫ አጥቶ በርበሬዬ ያልቃል፤ ብተወው የሰው እህል ይበሰብሳል። እትዬ አጥራቸውን ይነቅሉ ጀመር።

«በኔ ደጅ አሳልፊው። የኔ ግቢ ድንጋይ ነው፣ ውኃ ምን ያደርገዋል?»

ውኃው የሚሰርግበትን ቀዳዳ በጭቃና በገለባ ደፍነን ቦዩን በሳቸው ግቢ ወደ ፈፋው አወጣነው። በርበሬው አገገመ። ለቅሜ እየሸጥኩ የሰው ደጅ ሳልቆም ከረምኩ።

የዚያ የመሃለኛው መደብ በርበሬ ግን ከሁሉም በልጦ ትከሻዬ ደረሰ። የጣልያን ወታደሮች ጓሮ ለጓሮ እየገቡ የቀላውን ሲለቅሙ እሱን ዞረው አለፉ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ፍሬው እግንዱ ላይ ደረቀ።

«ልቀሚው እንጂ፣ ያንቺ ላብ ነው» ይሉኛል እትዬ።

እጄን እዘረጋለሁ። ቀዳዳው ተደፍኗል፤ ዝናቡም ካቆመ ቆይቷል። ያ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ግን ከሥር መጥቶ መዳፌን ይነካኛል። «ባለቤቱ ሳይመጣ አይነካም» ያሉኝ ትዝ ይለኝና እጄን እሰበስባለሁ።