«አብዷል» ያልሁት ውሻ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የነፍስ አባቴ «ሌላስ ልጄ?» ሲሉኝ መሳደቤን፣ ጾም መሻሬን እነግራቸዋለሁ። ይኸኛውን ግን ዘልዬ «ይኸው ነው አባ» እላለሁ። ለእርስዎ፣ ለአንባቢው፣ መንገር ለምን እንደቀለለኝ አላውቅም። ምናልባት ፊትዎን ስለማላየው ይሆናል።

ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቄ ቢቸና እናቴ ቤት ተቀምጬ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ጥላሁን ሞጣ አውራጃ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበር። አንድ ቅዳሜ በጭነት መኪና መጣ፤ በጆንያ የጠቀለለውን ውሻ ታቅፏል። አንድ ቆዳ ነጋዴ አንገቱን በሽቦ አስሮ ሲደበድበው አይቶ፣ ለምኖ ወስዶት ነው። ሽቦው ሥጋው ውስጥ ገብቶ ነበር። ሲፈታለት ውሻው ደንግጦ እጁን ነክሶታል፤ ቁስሉን እያሳየን ሳቀ።

«አከራዬ ውሻ አላስገባም አለችኝ። ሌላ ቤት እስካገኝ አንተ ጋ ይቆይ። ዱላ ብቻ እንዳታነሣበት።»

«እሺ አያ» አልሁ። እሺ ያልሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም።

ዳማ ብለን ጠራነው። ሦስት ወር አበላሁት። ሦስት ወር ሙሉ! እያየሁት አይበላም። ፊቴን ካላዞርሁ ውሃ እንኳ አይቀምስም። ጋቢዬን ለመደረብ እጄን ሳነሣ ሽንቱን ይለቃል። ምን አድርጌው ነው? ወንድሜ በወር አንዴ ሲመጣ ግን ጭራውን እየቆላ እግሩ ሥር ይተኛል። ይህ አንገበገበኝ። የማበላው እኔ፣ የሚወደው እሱን!

የሰፈራችን ጎረምሶችም አልተዉኝም። በአንድ የገበያ ቀን ጠዋት በአጥራችን ሲያልፉ ዳማን ጠራሁት፤ እንደሚታዘዘኝ ላሳያቸው ፈልጌ። መሬት ላይ ተለጥፎ ሽንቱን ለቀቀ።

«አሥራ ሁለተኛ ድረስ የተማርኸው ለውሻ ሞግዚትነት ነው? እሱንም አልቻልህበት!» ብለው እየሳቁ ሄዱ።

ዱላ አነሣሁ። መታሁት። ደግሜ መታሁት። መሸሻ ሲያጣ ሱሪዬን ዘነጠለና አጥሩን ዘሎ ወደ ገበያው መንገድ ሮጠ። ተከትዬው ወጣሁ። ሰው ሁሉ ሱሪዬን እያየ «ምን ሆነህ?» አለኝ። አፈርሁ። ምን ልበል? ውሻ ሲደበድብ ሱሪው ተቀደደ ልባል?

«አብዷል» አልሁ።

ከዚያ በኋላ የኔ ቃል አላስፈለገም። እብድ ውሻ ሲባል ገበያተኛው ሁሉ ድንጋይ አነሣ፤ እዚያው መንገድ ላይ ወግረው ገደሉት። «ተዉት» ማለት እችል ነበር። አላልሁም።

እናቴ እግሬን አገላብጣ አይታ ጭረት ስታጣበት፣ ወዲያው ያሰበችው የወንድሜን እጅ ነው። በሾፌር መልእክት ልካ አስጠራችው። በማግስቱ መጣ። አንድ መድኃኒት አዋቂ ከገጠር ተጠርተው፣ ለእብድ ውሻ የሚሰጡትን ሥር ወቅጠው በአጓት በጠበጡለት። ወንድሜ ከመጠጣቱ በፊት ወደኔ ዞረ።

«ለሃጩ ይዝረበረብ ነበር? በዓይንህ አይተሃል?»

«ዱላ አነሣሁበት» ብል ሁለት ቃል ነው። ሁለት ቃል! ዱላ እንዳላነሣ ነግሮኝ ነበርና ዓይኑን ፈራሁ። መድኃኒቱ ከባድ እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ አንድ ቀን አስመልሶት ይድናል ብዬ ራሴን አታለልሁ።

«አይቻለሁ አያ።»

«ጨክን ጥላሁንየ፣ በአንድ ትንፋሽ ጠጣው» አለችው እናቴ። ዋንጫውን የያዝሁለት እኔ ነኝ። ሲያስመልሰው፣ ሲያስቀምጠው ሰነበተ። ውሃ እንኳ ሆዱ ውስጥ አልረጋ አለ። ያን ጊዜስ መናገር አልችልም ነበር? በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ለቀስተኛው «ያ ውሻ በላው» አለ። እኔን ደግሞ «ነቅተህ ባታስገድለው ስንቱን በፈጀ!» ብለው መረቁኝ። ምርቃቱን ተቀበልሁ። ይኸው አምስት ዓመት፣ እናቴ ውሻ ባለፈ ቁጥር ዳማን ትረግማለች፤ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ።

እናቴ ማንበብ አትችልም። ይህን ጽሑፍ በገዛ አፌ ላነብላት ነው። ይቅርታ የሚል ቃል አላስገባሁበትም፤ ይቅር ማለት ስለምትችል ነው የፈራሁት። እርስዎም «ቀኑ ደርሶ ነው» አይበሉኝ። ይህን ሲሉኝ ነው የኖርሁት፤ ሰልችቶኛል። ቀኑ አልደረሰም ነበር። ውሻው ጤነኛ ነበር። ወንድሜም ጤነኛ ነበር።