የተተረተረ ሹራብ

ባለፈው ሰኔ ዝናቡ እንደ ጀመረ የልጅ ልጄ ሶስና ከቁም ሣጥኑ ታችኛው መሳቢያ የድሮውን ብርድ ልብስ አውጥታ አልጋዬ ላይ ዘረጋችው። መሃሉ ላይ ጣት የሚያሾልክ ቀዳዳ ነበረበት። ብል በልቶታል። ሶስና እጇ ለሥራ የሚፈጥን ልጅ ናት፤ የኪሮሽ ሥራ ከእኔ ተማረች፣ የቀረውን ደግሞ ከስልኳ። ቀዳዳውን በጣቷ እየዳበሰች፣ "እማማ፣ ይሄ እኮ ቀላል ነው። ትንሽ ቡናማ ክር ባገኝ እደፍነዋለሁ" አለች። ወዲያው ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን ቡናማ ሹራቤን አወረደችና ክርኑን ገልብጣ አየችው። "ይሄ አርጅቷል። አንዱ እጅጌ ቢተረተር ይበቃል።"

ከእጇ ወሰድኩባት። ሳላስበው ፈጥኜ ሳልወስድባት አልቀረሁም፤ ቀና ብላ አየችኝ።  ሹራቡን ለብሼ በረንዳ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ።

ብርድ ልብሱን የጀመረችው እናቴ ናት። ቤታችን ባህል አዳራሽ አካባቢ ነበር። ግቢው ውስጥ ሁለት የዘይቱን ዛፎች ነበሩ፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ከቆርቆሮው ጩኸት የተነሣ ሰው ከሰው አይደማመጥም። ያኔ ከተማዋን አዋሳ ነበር የምንላት። አባቴ በመንግሥት ሥራ ከሰሜን ተዛውሮ መጥቶ እዚሁ ወለደን፣ እዚሁም ሞተ። እኔ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ፣ ተፈራ የመጨረሻ። በመካከላችን የተወለዱት ሁለቱ አላደጉም።

ተፈራን ለውትድርና የወሰዱት በደርግ መጨረሻ ዓመታት፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለ ነው። ቅዳሜ ነበር። እናቴ አረንጓዴውን የትምህርት ቤት ሹራቡን አጥባ ስላሰጣችው በሸሚዝ ብቻ ኳስ ሊያይ ወጣ። አፈሳ ነበር። ያመለጡት ጓደኞቹ መጥተው ሲነግሩን ሹራቡ ገመዱ ላይ አልደረቀም ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ደብዳቤ ብቻ ደረሰን። ሰላምታውን ጨርሶ ከታች፣ "እዚህ ብርድ ነው፣ እንደ አዋሳ አይደለም" ይላል። ለእናቴ አነበብኩላት። አንዴ ድገሚልኝ አለችኝ። በዚያው ሳምንት ብርድ ልብሱን ጀመረች።

የሱፍ ክር እንደ ልብ የሚገኝበት ጊዜ አልነበረም። እናቴ አሮጌ ሹራብ እየተረተረች ነበር የምትሠራው። መጀመሪያ ስፌቱን ትፈታና ክሩን ከጫፉ ትስባለች። የሚወጣው ክር የታጠፈ የተጠማዘዘ ስለሆነ በወንበር መደገፊያ ላይ ትጠመጥመዋለች፤ ከዚያ አስራ በለብታ ውሃ ታጥበውና ከታች ድንጋይ አንጠልጥላበት ታሰጣዋለች። ሲደርቅ ቀጥ ይላል። ከዚያ እንደ መዳፍ ሰፋ ያሉ ካሬዎች እየሠራች ታገጣጥማለች። ቀዩ የእኔ የተማሪ ቤት ሹራብ ነው። ቡናማው የአባቴ። ነጩና ቢጫው የእነዚያ ያላደጉት ልጆች።

አንድ ደንብ ነበራት። የምትተረትረው ልጅ አድጎ ያነሰውን ወይም ባለቤቱ የሞተውን ሹራብ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ የወንድሟን የጋሼ ንጉሤን የተቀደደ ሹራብ አይቼ፣ ይሄ አይሆንም ወይ ብላት እጄን መታ አድርጋ፣ "ሰውየው በቁሙ እያለ?" አለችኝ። የተፈራን ሹራብ ደግሞ በላስቲክ ጠቅልላ ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጣው ነበር። ሲመጣ ይለብሰዋል።

ደርግ ወደቀ። ወታደሩ በእግሩም በመኪናም ወደየቤቱ ሲመለስ እናቴ በር ላይ ቆማ ለሚያልፈው ሁሉ ውሃ ትሰጥ ነበር። ሲጠጡ ትጠይቃቸዋለች። አንዳቸውም አያውቁትም። የሚያልፈው ሰው እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ብርድ ልብሱ የመጨረሻው ረድፍ ብቻ ነበር የቀረው። ኪሮሹን እንደ ተሰካ ትታ ካርቶን ውስጥ ከተተችውና አልጋዋ ሥር ገፋችው። ሁለት ዓመት እዚያው ተቀመጠ። እኔም አላወጣሁትም።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት የጎረቤታችን የወይዘሮ ዳንጊሴ ልጅ ዮሐንስ ተመለሰ። ዳንጊሴ የሲዳማ ሴት ናት፤ አጥራችን አንድ ነበር። ዮሐንስና ተፈራ የታፈሱት በአንድ ቅዳሜ፣ በአንድ መኪና ነው። እናቴ በወባ ተኝታ ነበር። እልልታውን ስትሰማ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ግድግዳ እየተደገፈች ሄደች። ልጁን አገላብጣ ሳመችው።

"ተፈራስ?"

"ተለያየን፣ እማማ። እኔ በሱዳን በኩል ወጣሁ።"

"ከሱዳን የሚመጡ ሌሎችም አሉ?"

"አሉ። ብዙ አሉ።"

ይህ እውነት ነበር። እናቴ ተመልሳ መጥታ አልጋዋ ሥር ጎንበስ አለችና ካርቶኑን ጎተተችው።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ ንጉሤ ወደ ሐይቁ ዳር ጠራኝ። ከዋርካው ሥር ዮሐንስ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። የነገረኝ ጋሼ ነው። ተፈራ ሞቷል፣ በጦርነቱ መጨረሻ ዓመት። ዮሐንስ ራሱ ነው የቀበረው። "እናትሽ ገና ከወባ መነሣቷ ነው" አለኝ ጋሼ። "ፍልሰታም እየገባ ነው። ጾሙ ሲፈታ፣ ጉልበቷ ሲመለስ፣ ከሽማግሌዎች ጋር መጥተን መርዶውን እንነግራታለን። እስከዚያ አንቺ ምንም አታውቂም።"

"እሺ ጋሼ።"

"ማልቀስ ካለብሽ እዚሁ አልቅሺ።"

አላለቀስኩም። አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ራሰ መላጣ ትልቅ ወፍ፣ ዓሣ አጥማጆቹ የጣሉትን አንጀት እየጎተተ ነበር። እሱን ሳይ ቆየሁ። ከዚያ ቤት ገባሁና እናቴ አጠገብ ተቀምጬ ኪሮሽ ያዝኩ።

እንዲህ ሆነን ከሁለት ሳምንት በላይ ሠራን። እኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ እናቴን በዚያን ክረምት ያህል ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ብርድ ልብሱን አልጋው ላይ ዘርግታ በክንዷ ለካችው። "አንድ ረድፍ እንጨምር። ሲሄድ የነበረው ቁመት አይደለም አሁን ያለው" አለች። ጨመርን። ዳንጊሴ የጾም ነው ብላ ዋሳ፣ የእንሰት ቂጣ፣ በጎመን በየሁለት ቀኑ ትልካለች፤ ራሷ ግን አትገባም። "ደህና ነሽ እትዬ?" ትላለች በአጥሩ ላይ፣ መልሱን ሳትጠብቅ ትሄዳለች። ልጇን በጓሮ በር ነበር የምታስወጣው። እናቴ፣ "ዳንጊሴ ልጇ ከመጣ ወዲህ ኮራችብን፣ ዓይናችንንም አታይ" ብላ ትስቃለች።

ጋሼ ንጉሤ ከወትሮው ቢቀር ስለሚያስጠረጥር በየቀኑ ይመጣል። አንድ ቀን ብርድ ልብሱን በከዘራው ጫፍ ነካ አድርጎ፣ "እቴ፣ ልጁ ስንት አገር አይቶ ሲመጣ ይሄን ድሪቶ ልታለብሱት ነው?" አለ።

"አንተ በድሪቶ አድገህ አይደል ባለ ከዘራ የሆንከው?" አለችው።

ሳቀ። ስቆ ተነሣና ዣንጥላውን ረስቶ ዝናብ ውስጥ ወጣ።

በጾሙ መጨረሻ አካባቢ ክር አለቀ። አምስት ካሬ ነበር የቀረን። እናቴ ቅዳሴ ልትሄድ ነጠላዋን እየለበሰች፣ "ፈልጊ፣ አይጠፋም። ስመለስ እንጨርሰዋለን" አለችኝ። ፈለግሁ። ኮሜዲኖውን፣ የአባቴን ሻንጣ፣ ሁሉንም አየሁ። ከዚያ የተፈራን ሣጥን ከፈትኩና አረንጓዴውን ሹራብ ከላስቲኩ አወጣሁት።

ይህን ስጽፍ ብዙ የቆየሁት እዚህ ላይ ነው። አመነታሁ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አላመነታሁም። በምላጭ ስፌቱን ፈታሁ፣ ጫፉን አገኘሁ፣ ሳብኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል፤ ክሩ እየተፈታ ይመጣል። ስለ ወንድሜ እንኳን አላሰብኩም። የማስበው አምስት ካሬ ይወጣዋል ወይ ብዬ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እናቴ መጣች። በአንድ እጇ የጸበል ጠርሙስ ይዛለች፤ ጫማዋ ጭቃ ነው። በሩ ላይ ቆመች። አረንጓዴው ክር ወንበሩ መደገፊያ ላይ ተጠምጥሟል። ጭኔ ላይ የቀረው አንድ እጅጌና አንገትጌው ነው።

"የማነው?" አለች። ታውቀዋለች።

"የተፈራ ነው።"

ክሩን በዓይኗ ተከተለች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "አድጓል፣ ያንሰዋል ብለሽ ነው?" አለችኝ።

አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። መልሱን ራሷ ሰጥታኛለች፤ ረድፍ ያስጨመረችኝም ቁመቱ ጨምሯል ብላ ነው። ያን ሁሉ ቀን የዋሸሁት እኔ አንዲት ቃል አጣሁ። እጄ ላይ ያለውን እጅጌ አየሁ።

ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጫማዋን አውልቃ ከበሩ ሥር አቆመችው። ከፊቴ ተቀመጠች።

"መቼ ነው?"

"በመጨረሻው ዓመት። ዮሐንስ ነው የቀበረው።"

"በምን ጠቅልሎ?"

"አላውቅም። አልጠየቅኩትም።"

"ትጠይቂዋለሽ" አለች። ቀጥላም፣ "መቼ ሊነግሩኝ ነው?"

"ጾሙ ሲፈታ።"

"እንግዲያው እስኪፈታ እንጠብቃለን። ለንጉሤ እንዳትነግሪው። እነሱም ተጨንቀውበታል።" እጇን ዘረጋች። "የቀረውን እጅጌ አምጪው።"

እጅጌውን ራሷ ተረተረችው። ክሩን አስራ በለብታ ውሃ አጠበችው፣ ከታች ድንጋይ አንጠልጥላ ኩሽና ውስጥ ሰቀለችው። ክረምት ስለነበር ሳይደርቅ ሁለት ቀን ቆየ። ሁለት ቀን ሙሉ ከሥሩ እየተመላለስን አለፍን። ሲደርቅ ሦስቱን ካሬ እሷ፣ ሁለቱን እኔ ሠራን። ጋሼ ንጉሤ መጥቶ፣ "ድሪቶው አላለቀም?" ሲላት፣ "ለአንተ የሚሆን ቁራጭ ይተርፋል" ብላ መለሰችለት። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነበር። እኔ ውሃ ላመጣ ብዬ ወጣሁ።

ዮሐንስን በጓሮ በር ጠብቄ ጠየቅሁት። ብዙ ጊዜ አልነበራቸውም። የሚጠቀልሉበትም አልነበረም። "ሹራቤን አወለቅኩና ፊቱን ሸፈንኩት" አለኝ። ለእናቴ ነገርኳት። "እግዜር ይስጠው" አለች። 

ጾሙ በተፈታ በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎቹ መጡ። ጋሼ ንጉሤ ከፊት ነበር፤ ዳንጊሴና የእድር ሴቶች ከኋላ። እናቴ ጥቁሯን ለብሳ፣ አልጋውን አንጥፋ፣ ብርድ ልብሱን አጥፋ እግርጌ አስቀምጣ ተቀምጣለች። "ግቡ" አለቻቸው። ጋሼ አፉን ሲከፍት ጮኸች። አስመሳይ ጩኸት አልነበረም። ይዛው ነው የቆየችው። ዳንጊሴ ከሁሉም ቀድማ መሬት ላይ ወደቀች።

እናቴ ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስት ዓመት ኖረች፤ ስትተኛ የምትለብሰው ያንን ብርድ ልብስ ነበር። ስለ ሹራቡ አንድም ቀን አላነሳችብኝም። እኔም ይቅር በይኝ አላልኳትም፤ በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም ነበር። ስትሞት ግን አሰብኩት፣ አሁንም አስበዋለሁ። ሽማግሌ ሁሉ ቃሉን ጠብቆ ሳለ ወንድሜን ከሕያዋን ያወጣው የእኔ እጅ ነው። አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ በዚያ በር ላይ አዎ ብላት ኖሮ አምናኝ ትተኛ ነበር ወይ እላለሁ። የምታምነኝ አይመስለኝም። ግን ያን ጥቂት ቀን ትተኛ ነበር።

ከበረንዳው ወደ ቤት ስገባ ሶስና ከብርድ ልብሱ አጠገብ እንደ ተቀመጠች ነበረች።

"እማማ፣ አስቀየምኩሽ?"

"የለም። ይሄን ሹራብ ገና እለብሰዋለሁ፣ ለዚያ ነው።"

"እሺ፣ ሌላ ቡናማ እፈልጋለሁ። ከገበያ አይጠፋም።"

"አትግዢ። የአባቴ ካሬ ነው፤ በሱቅ ክር አይደፈንም። ይቆይ። ይሄኛው ያንቺ ሲሆን ትተረትሪዋለሽ።"

 ሹራቤን አየችው፣ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ቀዳዳው እንዳይሰፋ ዙሪያውን በመርፌ ያዝ ያዝ አድርጋ ብርድ ልብሱን እግሬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። አረንጓዴው ረድፍ ወደ ደረቴ በኩል ሆነ። እናቴ ስትለብሰውም በዚያ በኩል ነበር።