ስድስት ጎራሹን የመረመረው ሰዓት ሠሪ

ጎረቤቴ ሰዓት ሠሪው እውነት በመናገር ደንበኛ ያባረረ ሰው ነው። «ይሄ ሰዓት አይድንም፤ ገንዘብህን አታባክን» ይላል፤ ሰውየውም ኩምሽሽ ብሎ ይወጣል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። መሃላችን ያለው ስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ስለሆነ ወሬው ሁሉ ከነትንፋሹ ይደርሰኛል።

አንድ ጠዋት ታናሽ እህቱ እየተርበተበተች መጣች። ባሏ የመጋዘን ጥበቃ ነው። ዘራፊዎች ባልደረባውን ስለፈነከቱት ፈቃድ አውጥቶ ያገለገለ ሽጉጥ ሊገዛ ቆርጧል።

«ጋሽዬ፣ ብረት ታውቃለህ ብሎ መጀመሪያ ላንተ ሊያሳይህ ነው። ሁለት ሕፃናት ባሉበት ቤት! በልጆቼ ይዤሃለሁ፣ አይሆንም በለው» ብላው ሄደች።

ከምሳ በኋላ ባልየው ከሻጩ በአደራ የተቀበለውን ስድስት ጎራሽ በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣ። አላስችል ብሎኝ መቀሴን አስቀምጬ ብቅ አልኩ።

ሰዓት ሠሪው ጥይት የሚጎርሰውን ክብ ከፍቶ ስድስቱም ቀዳዳ ባዶ መሆኑን በጣቱ ጭምር አረጋገጠ። ነጭ ወረቀት ከኋላ ይዞ በበርሜሉ ውስጥ አየ፤ ዝገት የለም። ክቡን መልሶ ዘግቶ ጥይቱን የሚመታውን መምቻ በቀስታ ወደ ኋላ ሳበና ክቡን በአውራ ጣቱ ወዘወዘው፤ ንቅንቅ አላለም። ቃታውን ሳይነካ መምቻውን ወደ ፊት ገፋው፤ ከያዘበት ተላቆ አልወደቀም። ይህንን ስድስት ጊዜ ደጋገመው። አራተኛው ላይ ቀና ብሎ እህቱ የወጣችበትን በር አየ። ብረቱ ጤነኛ መሆኑ ለእኔ ለመርፌ ሰው እንኳ ገብቶኛል።

«እህስ ጋሼ?» አለ ባልየው።

ሰዓት ሠሪው ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሳ፣ «ክቡን የሚይዘው ጥርስ ተበልቷል። እጅህ ላይ ይፈነዳል። መልስለት» አለ።

በሃያ ዓመት ጉርብትና የሰማሁት የመጀመሪያ ውሸቱ ነው። ባልየው ግን፣ «ሕይወቴን አተረፍክልኝ!» ብሎ አገላብጦ ሳመው።

ከዚያ ወዲህ ሰዓት ሠሪው ሥራ እምቢ አለው። ያ ሰው በዱላ ብቻ እየጠበቀ አንድ ነገር ቢሆንስ? ስልክ በጮኸ ቁጥር ክው ይላል። እኔም አብሬው እደነግጣለሁ፤ የሰው ጭንቀት ምን እንዳደረገኝ እንጃ።

በአሥረኛው ቀን ባልየው ፊቱ ፈክቶ ከች አለ።

«ጋሼ፣ ሌላ አገኘሁ እኮ!»

«የታለ? አምጣው ልየው።»

«ኧረ አንተን ደግሞ ስንቴ ላስቸግር! ያልከኝን ጥርስ ክቡን ወዝውዤ ራሴ ሞከርኩት፣ አልተበላም። ገዝቼ ቤት አስቀመጥኩት።»

«ጥይት አለበት?»

«ሻጩ ባዶ ነው ብሎኛል፤ ከፍቼ አላየሁትም።»

ሰዓት ሠሪው ሱቁን ሳይዘጋ፣ ማጉያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንዳደረገ ሕፃናቱ ወዳሉበት ወደ እህቱ ቤት ሮጠ።