ፊቱ ያልተገጠመው ሬዲዮ

ልጄ ከፒያሳ ገዝታ ያመጣችው አዲስ የኮምፒውተር ቀፎ ፊቱ ላይ አንድ ማብሪያና ሁለት ትንንሽ መብራቶች አሉት፤ ከኋላቸው እርስ በርስ የተወሳሰቡ ቀጫጭን ሽቦዎች ይወርዳሉ። እነዚህን ሽቦዎች ከዋናው ሰሌዳ ጥግ ላይ ከተደረደሩት ጥቃቅን እሾሆች ጋር ማገናኘት የኔ ድርሻ ሆነ፤ ምክንያቱም የልጄ ጣቶች እንደ አባቷ ወፋፍራም ሲሆኑ፣ የኔ ግን ከእናቴ የወረስኳቸው የጥልፍ ሠሪ ጣቶች ናቸው። መነጽሬን አጥልቄ፣ የቅንድብ መንቀያዬን ይዤ፣ እሷ በስልኳ እያበራችልኝ «እማ፣ እሱ የማብሪያው ነው፤ ከታችኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ሰኪው» ስትለኝ እንዳጎነበስኩ ቀረሁ። ሽቦዎቹ ሁሉም ጥቁር ናቸው። ጫፋቸው ላይ ያለችው ደቃቅ ጽሑፍ ባትኖር የማብሪያው የትኛው፣ የመብራቱ የትኛው እንደሆነ ማንም አይለይም። እጄ ቆመ። ልጄ የደከመኝ መስሏት ስልኳን ዘወር አደረገችው፤ እኔ ግን ዶሮ ማነቂያ፣ ዛሬ ፈርሶ ቦታው እንኳ በማይለየው ቤታችን፣ የወንድሜ የሙሌ ጠረጴዛ አጠገብ ደርሼ ነበር።

ቤታችን ከጎረቤት ጋር በአንድ የጭቃ ግድግዳ የተጣበቀ ነበር፤ እትዬ በላይነሽ ከወዲያ ሲያስነጥሳቸው እኛ ከወዲህ «ይማርዎት» እንል ነበር፤ የኛ ወጥ ማረሩንም ብዙ ጊዜ ከኛ ቀድመው የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። ሙሌ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ በመስኮቱ ሥር በተቀመጠች ጠረጴዛ ላይ የሰፈሩን ሬዲዮ ይጠግናል። ዶክተር ነበር የሚሉት። የሰፈሩ ጎረምሶች ሬዲዮናቸውን በብብታቸው ይዘው ይመጡና «ዶክተር፣ ይቺ በሽተኛ ከትናንት ጀምሮ ድምጿ ዘግቷል፤ አንድ መርፌ ጣል አድርግላት» ይሉታል። እሱም እንደ ደንቡ ጆሮውን ለጥፎ ካዳመጠ በኋላ፣ አንዳንዷን ጀርባዋን መታ ሲያደርጋት ከመሃል ዘፈን ትጀምራለች። በሳቃችን እትዬ በላይነሽም ምን እንዳሳቀን ሳያውቁ ከግድግዳው ወዲያ አብረው ይስቃሉ።

ሙሌ የሚጠቀመው ሽቦ ከአንድ ጥቅል የተቆረጠ፣ ሁሉም ጥቁር ነበር፤ ሌላ ቀለም በዚያ ዘመን ከየት ይመጣል። ስለዚህ የሬዲዮኑን ፊት ከሆዱ ሲለይ፣ እያንዳንዱን ሽቦ ጫፉ ላይ በእማዬ የጥልፍ ክር ያስረዋል፤ ቀዩ የማብሪያው፣ ቢጫው የፊቱ አምፑል፣ አረንጓዴው የድምጽ ማጉያው፣ እያለ። እማዬ ፒያሳ ላሉ ሱቆች የሀበሻ ቀሚስ ጥለት ትጠልፍ ስለነበር «የሙሽራ ቀሚስ ላይ የሚገባውን ክር ለሬዲዮ አንገት ያስርልኛል! ምን ዓይነት ልጅ ነው የወለድኩት?» እያለች ትጮህበታለች። ከጥልፍ የተረፈውን ክር በየቀለሙ ለይታ ጠረጴዛው ጥግ የምታስቀምጥለት ግን እሷው ነበረች። የብየዳው ጭስና የአዲስ ክር ሽታ ተቀላቅሎ ቤቱን ሲሞላው፣ ትምህርት ቤት ውዬ ስገባ ቤቴ መድረሴን የማውቀው በዚያ ሽታ ነበር።

የሰው ሬዲዮ ሲጠግን የኛ ተረስቶ ከርሞ ነበርና፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በስንት ልመና የራሳችንን ፈታው። ክሮቹን አስሮ፣ ፊቱን ከሆዱ ለይቶ አጋድሞት ሳለ አብዮት ጠባቂዎች ሳያንኳኩ ገቡ። «ለአንድ ጥያቄ ነው፤ አሁን ይመለሳል» አሉ። ሙሌ መበየጃውን ከሶኬት ነቀለ፤ ቤት እንዳይቃጠል ማለቱ ነው። ጃኬቱን ለብሶ በሩ ላይ ሲደርስ «እማዬ፣ ማንም እንዳይነካው፤ መጥቼ እገጥመዋለሁ» አላት። እማዬ ሬዲዮኑን ነጭ ጨርቅ አለበሰችው።

ወደታሰረበት በየቀኑ ስንቅ ታመላልስ ጀመር። አንድ ቀን ዘበኛው ምሳ ዕቃውን ሳይቀበላት «ከእንግዲህ አታምጪ፤ እዚህ የለም» አላት። ያ ቃል በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እሷ ግን ምሳ ዕቃውን እንደያዘች ቤት ገብታ «ወደ ሌላ ቦታ አዛውረውታል» አለችን፤ ወዴት ብሎ የጠየቃት የለም። ከዚያ ወዲህ ዜና ሲደርስ በየቤቱ የሚጮኸው ሬዲዮ ሁሉ ዝቅ ይል ጀመር። አብዮታዊ እርምጃ የተወሰደባቸው ተብሎ የሰው ስም የሚነበብበት ጊዜ ነበርና፣ ጎረቤት ለኛ አዝኖ ይሁን ለራሱ ፈርቶ አላወቅሁም። የእትዬ በላይነሽ ግድግዳ እንኳ ጭጭ ይላል።

አባታችን፣ አባባ፣ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። አንድ ማታ ከሥራ ገብተው፣ እራት ቀርቦላቸው፣ እጃቸውን ሳይታጠቡ ብዙ ከቆዩ በኋላ «ይሄ ራዲዮን ይሠራ። ነገ ከፒያሳ ሰው ይዤ እመጣለሁ» አሉ። እማዬ «ሙሌ አትንኩት ብሏል» አለች። አባባ «ዜና መስማት አለብን» አሉ።

በማግስቱ ለምሳ ከትምህርት ቤት ስመጣ እማዬ በሙሌ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ነጩን ጨርቅ ገልጣ፣ በመርፌ ጫፍ የክሮቹን ቋጠሮ አንድ በአንድ ትፈታለች፤ የተሳሳተ ጥልፍ እንደምትፈታው፣ ሽቦውን ሳትጎዳ፣ ቀስ ብላ። እኔን ቀና ብላ አየችኝና ሥራዋን ቀጠለች። ልጅ ብሆንም ገባኝ፤ ያ ሬዲዮ ካልተናገረ ሙሌ አልሞተም። ማታ የመጣው ባለሙያ ጨርቁን ገልጦ ሽቦዎቹን እያገላበጠ «ጌታዬ፣ ይሄ እኮ ምልክት የለውም። በግምት ባገናኘው ያቃጥለዋል» አለ። አባባ ባዶዎቹን ጥቁር ሽቦዎች አዩ፣ ጓዳ በር ላይ የቆመችውን እማዬን አዩ፤ «ይሁን፣ ተወው» ብለው ሰውየውን እስከ ዋናው መንገድ ሸኙት። እኔ በልጅ ልቤ አባባን ጨካኝ አድርጌ ቆጠርኳቸው፤ ተስፋ የቆረጡ አባት፣ ተስፋ ያልቆረጠች እናት ብዬ ለይቼ አስቀመጥኳቸው። ዓመታት አለፉ። በየዓመት በዓሉ የሙሌ ድርሻ በሳህን ይነሳለታል፤ አባባ ሳህኑን እያዩ ይበላሉ።

ደርግ ወድቆ እስር ቤቶች ተከፈቱ ሲባል እማዬ የቤቱን ግድግዳ ኖራ ቀባች፤ የሙሌን ሸሚዝ አጥባ ተኮሰች፤ መንገድ ላይ ቆማ የሚያልፈውን ጎልማሳ ሁሉ ፊት ታይ ጀመር። አባባ ይህንን መቻል አቃታቸውና አንድ ማታ እድሩ ዘንድ ሄዱ። አንድ ማለዳ በር ሲንኳኳ እትዬ በላይነሽና የእድሩ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፤ መርዶ እንዲህ ነው፣ ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ ይነግራል እንጂ ባል ለሚስቱ፣ አባት ለእናት አይናገርም። ሙሌ በሞተ ጊዜ ግን ለጸረ ሕዝብ ማልቀስም መሰብሰብም ክልክል ስለነበር፣ ይህን በር ያንኳኳ አልነበረም።

እማዬ አልጮኸችም። ሽማግሌዎቹን አልፋ አባባን አየቻቸውና «መቼ ሰሙ?» አለቻቸው።

«ቢሮ ሆኜ፣ በምሳ ሰዓት ዜና» አሉ አባባ፣ መሬት መሬቱን እያዩ። «ያን ባለሙያ ልጥራ ያልኩሽ ለት። ይደግሙታል፣ ከራዲዮኑ ትሰሚዋለሽ ብዬ ነበር። እኔ አፌ እምቢ አለኝ።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ብቻዎን?» አለች እማዬ። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው፤ ለልጇ ይሁን ለባሏ ዛሬም አላውቅም።

የሌላው ሰው ሐዘን በትኩሱ ይለቀስለታል፤ ሰው እየመጣ፣ ስሙ እየተጠራ፣ ሳቁ እየተነሳ፣ ትንሽ በትንሽ ይቀላል። የኛ በአንድ ገበታ ዙሪያ፣ አንዱ ከሌላው ተደብቆ ሻገተ። እናትና አባቴ ያንን ሁሉ ዓመት አብረው ኖሩ ይባላል እንጂ አብረው አልኖሩም፤ እሷ ሕያው ልጅ ትጠብቃለች፣ እሳቸው የሞተ ልጅ ይቀብራሉ፣ እኔም በመካከላቸው ማንን እንደማምን ሳላውቅ አደግሁ። ድንኳኑ ተተከለ፤ ለቀስተኛው መጣ፤ ሬዲዮ ይዘው እየመጡ ዶክተር ይሉት የነበሩት እኩዮቹ ግን አንዳቸውም አልነበሩም፤ የሞተው ሞቶ፣ የቀረውም ተበትኖ፣ ድንኳኑን የሞላው ከሱ በኋላ ሰፈር የገባ ሰው ነበር። አልቃሿም ልትጀምር ስትል ወደ እኔ ጠጋ ብላ በጆሮዬ ስሙን ጠየቀችኝ።