ኦሬንጅ ፋርም የደረሰው ያበጠ ጣሳ

በዚያ ሰሞን እዚህ ስደት አገር ስፓዛ የሚባሉትን ትንንሽ የሰፈር ሱቆች ፍተሻ ስዘግብ ብዙ ሳምንታት አልፈው ነበር። ጊዜው ያለፈበት ወተት፣ አይጥ የበሳው የዱቄት ከረጢት፣ የታሸገ በር። አንዱ ሱቅ ከሌላው አልለይ ብሎኝ ነበር። ኦሬንጅ ፋርም በሚባለው ሰፈር ያለው ባለሱቅ ግን ወዳጄ ነው፤ የምግብ ጤና ተቆጣጣሪ ወደ እሱ እንደምትሄድ ስሰማ ድካሜን ይዤ፣ ሁለት ታክሲ ቀይሬ ሄድኩ።

የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ሱቁን በንጽሕና ነው የሚይዘው። ተቆጣጣሪዋ፣ ዝምተኛ ወጣት ሴት፣ ዱቄቱንም ማቀዝቀዣውንም አይታ ምንም አላገኘችም። ልትወጣ ስትል ዓይኗ ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከሳርዲኖቹ አጠገብ ዐረፈ። ክብ ጣሳ ነው፤ ክዳኑም ግርጌውም እንደ ኳስ ተነፍቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የስዊድን ዓሣ ነው፣ ሲሲ። እህቴ ናት ያመጣችልኝ። አይሸጥም።» ሲሲ እዚያ «እህት ዓለም» ማለት ነው።

እህቱ ሰሜን ስዊድን ነው የምትኖረው፤ እኔንም ታውቀኛለች፣ አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች። ልትጠይቀው ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛለት መጣች። እዚያ በነሐሴ ጎረቤት ተጠራርቶ ደጅ ይቀመጥና ጣሳው ይከፈታል፤ ዓሣው ከተቀቀለ ድንችና ከሽንኩርት ጋር በስስ ቂጣ ተጠቅልሎ ይበላል። ቤት ውስጥ የሚከፍት ጥቂት ነው፤ ሽታው ከመጋረጃ አይለቅም። ወንድምና እህት ነሐሴ ሲደርስ፣ እሷ እዚያ እሱ እዚህ፣ በስልክ እየተያዩ ሊበሉ ተቃጥረው ነበር። እስከዚያው እሱ ደንበኛ ሁሉ እንዲያይለት ከፍ አድርጎ ሰቀለው።

«ያበጠ ጣሳ የተበላሸ ምግብ ነው፣ ማይ ፍሬንድ» አለች ተቆጣጣሪዋ። እዚያ ሰፈር የእኛን አገር ባለሱቅ ሁሉ የሚጠሩት እንዲህ ነው። «መደርደሪያ ላይ ካለ ደግሞ ይሸጣል ማለት ነው። ሱቁን መዝጋት አለብኝ።»

«ጤነኛውም እንዲህ ነው የሚያብጠው! ቦክቶ እኮ ነው! እኛ አገር ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ይከርማል፣ ማንም...» ቆጮን በእንግሊዝኛ ማስረዳት ሲያቅተው ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ አንተ ንገራት! ስዊድን ሄደህ በልተኸዋል አይደል?»

«ማይ ፍሬንድ፣ ቦምብ ደበቅክብን እንዴ?» አለች ከመሸጫው ፍርግርግ ውጭ ዳቦ የምትጠብቅ አሮጊት። ሰልፉ ሳቀ።

ነገርኳት። አንድ ጊዜ ለሥራ ሄጄ መብላቴን፣ ዓሣው ከታሸገም በኋላ መቡካቱን እንደማይተው፣ ጣሳው የሚነፋው በዚህ እንደሆነ። በጥሞና ሰማችኝ።

«እሺ፣ አመንኩህ። የት ነው የሚቀመጠው?»

«ቀዝቃዛ ቦታ።»

ሦስታችንም ቀና አልን። መደርደሪያው የተሠራው ፀሐይ ሲያግለው ከሚውለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው።

«ታዲያ ይሄኛው ደህና ይሁን የተበላሸ፣ አይተህ መለየት ትችላለህ?»

ወዳጄ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

«አልችልም» አልኩ።

ሱቁ እስከሚቀጥለው ፍተሻ እንዲዘጋ ወሰነች። መቼ እንደምትመለስ ሲጠይቃት እሷም አላወቀችውም። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ዳቦው እንዳይደርቅ ለተሰለፉት እንዲያድል ፈቀደችለት። ጣሳውን በፕላስቲክ ጠቅልላ፣ ከሰውነቷ አርቃ ይዛው ሄደች።

በሩን አብረን ዘጋን። የለስላሳ ሣጥን ገልብጠን ተቀመጥን።

«‹ደህና ነው› ብትላት ምን ይጎድልብህ ነበር?»

«አላውቅማ።»

«እሷስ ታውቃለች?»

የወደቀውን የዳቦ ፍርፋሪ በእግሬ ሰበሰብኩ። ለመከራከርም ጉልበት አልነበረኝም። እሱም ፍርፋሪውን እያየ ጠየቀኝ።

«ለመሆኑ ዓሣው ምን ምን ይላል?»

«ጨው ጨው። ትንሽ ይኮመጥጣል።»

«በቃ?»

«ሽታውን ካለፍከው፣ በቃ።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አየውና መልሶ ከተተው።

«እህቴ ስለ ጣሳው ብትደውልልህ እንዳታነሣ» አለኝ። «አንተ እውነቱን ነው የምትነግራት።»