ጣውንቴ ሦስተኛው ፓርቲ

ባሌ ግዛው ሴት ቢይዝብኝ ኖሮ ፀጉሯን ጨምድጄ ልኳን አስገባት ነበር። እሱ ግን የያዘብኝ ፓርቲ ነው። ፓርቲ ፀጉር የለው፣ ምኑ ይያዛል?

ነገሩ የጀመረው የአሜሪካ ዜጋ ከሆንን በኋላ መጀመሪያ በመረጥንበት፣ በፈረንጆቹ 2008 ነው። የምንኖረው ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ነው፤ ግዛው ዴንቨር ታክሲ ይነዳል። አንድ ቀን ካረን የምትባል የሌክውድ ከተማ ሴትዮ ወደ ኤርፖርት ሲወስዳት ከሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ውጪ ስላለ አንድ ሦስተኛ ፓርቲ ሰበከችው። በቃ፣ ልቡ እዚያው ቀረ! አብረን የምንገበያይበት ቅዳሜ የፓርቲው ስብሰባ ቀን ሆነ። ከኔ ጋር ሊወጣ ሲሆን ያገኘውን ሸሚዝ ያጠልቃል፤ ለነሱ ግን ይተኩሳል። የሠራሁለትን ወጥ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ይበላና ስለ ፓርቲው የጤና ፖሊሲ ሲያወራ ፊቱ ይበራል። እንዴት አልቀናም? ሰው ነኝ እኮ!

ምስኪን፣ የሚከተለው ግን አላገኘም። ታክሲ ነጂዎቹ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቁ እየዞረ ይለምናቸዋል። ጓደኛው መንሱር፣ "ሐሳብህ ልክ ነው ግዛው፣ ግን አያሸንፉም። ድምፅህን አታባክን" ይለዋል። ሌሎቹም ያንኑ ይደግሙለታል።

ቤት ሲገባ ይንተከተካል። "ሁሉም ልክ ነህ ይለኛል፣ አንድም ሰው አይመርጥም! አያሸንፉም እያሉ ካልመረጧቸው ከየት አምጥተው ያሸንፋሉ?"

እኔ ምን ቸገረኝ፣ ሽንኩርቴን እከትፋለሁ።

የድምፅ መስጫ ወረቀታችን በፖስታ የመጣ ቀን የራሱን ሞልቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"አልጣሽዬ፣ ሰው ሁሉ እምቢ አለኝ። ብቻዬን አታስቀሪኝ። አንቺ እንኳ አብረሽኝ ቁሚ።"

እንዴት እንደተለማመጠኝ! ለጋብቻ ሲጠይቀኝ እንኳ እንዲህ አልተለሳለሰም። አንጀቴን ያሳረረኝ ይሄ ነው።

"ለጣውንቴ ድምፅ አልሰጥም!" ብዬ ወረቀቴን ይዤ መኝታ ቤት ገባሁ። በሩን ዘግቼ ሰው ሁሉ የመረጠውን መረጥኩ። ፖስታውን አሽጌ ራሴ ወስጄ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። እሱም ማንን መረጥሽ ብሎ አልጠየቀኝም፤ አኩርፎ ከረመ።

ምርጫው ካለፈ በኋላ ካረን ደወለችለት። እኔ ሳህን እያጠብኩ ጆሮዬን አቁሜያለሁ። ስልኩን ሲዘጋ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

"የኛ ሰፈር ውጤት ወጣ" አለኝ። "አውሮራ ውስጥ፣ እዚህ እኛ ምርጫ ጣቢያ፣ ፓርቲያችን ሁለት ድምፅ አግኝቷል። አንዱ የኔ ነው።"

ቀና ብዬ ሳየው እንባው ዱብ ዱብ ይላል።

"እምቢ ያልሽው ከአፍሽ እንጂ ከልብሽ እንዳልሆነ አውቅ ነበር" ብሎ ሳሙና ያለበትን እጄን ሳመ። ግንባሬን ሳመ፣ ጉንጬን ሳመ። "የኔ እናት፣ ለካ ብቻዬን አልነበርኩም!"

ምን ልበለው? እኔ አይደለሁም ልበለው? እንደዚያ ሲያየኝ ስንት ዘመኔ! ሌላኛውን ጉንጬን አዙሬ ተሳምኩ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሰላም ነው። ግዛው ወጥ ሲበላ ያመሰግናል፤ ከስብሰባ ሲመለስ አበባ ይዞልኝ ይመጣል። እኔ ግን ወደ ውጭ በወጣሁ ቁጥር ዓይኔ ይቅበዘበዛል። ከማዶው አፓርታማ አንዷ ብቅ ካለች፣ ያቺን ሁለተኛ ድምፅ የሰጠችው ይቺ ትሆን እንዴ እላለሁ። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አንዷ ፈገግ ካለችልኝ ደሜ ይፈላል።

ያ ሁሉ መሳም እኮ የሷ ነበር!