የአፒሳይ እንሽላሊት

በኛ በፊጂ የአክስትና የአጎት ልጆች ተገናኝተው ካልተሰዳደቡ የተጣሉ ይመስላል። ቀልዱ የሚቆመው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። እኔና የአጎቴ ልጅ አፒሳይም ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰዳደብ ነው ያረጀነው። ጎደሬው ሲያምርለት «ጎረቤትህ ነው የተከለልህ» እለዋለሁ፤ ዓሣ ይዤ ስመጣ «ታሞ ነው የተያዘልህ» ይለኛል።

የአባቱ ጎሳ ምልክት ቮካይ የምንለው አረንጓዴ እንሽላሊት ነው። ድመት ከበዛ ወዲህ በኛ በኩል ያየው የለም። ጎሳውም አብሮት አለቀ። አፒሳይ ልጅ አልወለደም፤ ወንድሞቹን ከቀበረ በኋላ የቀረው እሱ ብቻ ነው።

ባለፈው ክረምት ታዲያ ከቤቱ ጀርባ ማንጎው ላይ አንድ ትልቅ አረንጓዴ እንሽላሊት አየ። ሮጦ መጥቶ እጄን ይዞ ወሰደኝ። እኔ ምኑን አውቄው! እሱም ቮካይን በወሬ ነው የሚያውቀው። ግን ከዛፉ ስር ምንጣፍ አነጠፈ፤ የምንጠጣውንና እንግዳ የምናከብርበትን የያንጎና ሥር በጥብጦ አቀረበና እንደ ቅድመ አያት እንግዳ ተቀበለው። «አላለቅንም» ብሎ አለቀሰ። ከዚያ ወዲያ ቀይ አበባ ከእጁ ያበላው ጀመር። «እንግዲህ በስተርጅና የወለድከውን አሳድግ» እለው ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስታው እኔንም ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ሊቲያ የምትባል የመንግሥት ሠራተኛ በጀልባ መጣች። ከባሕር ማዶ የገባ፣ አትክልት የሚጨርስ እንሽላሊት እየተራባ ነውና ያየ ሰው እንዲያሳያት ለመነች። አፒሳይ ያመጣችውን ፎቶ እንኳ ሳያይ ተነሣ። የኔን ቮካይ እዪና ለመንደሩ ሰው መስክሪልኝ ብሎ ወሰዳት።

ከማንጎው ስር ብዙ ቆመች። ቮካይ ሰውነቱ ላይ ነጭ መቀነት አለው አለች፤ ይሄኛው ያለው ጭራው ላይ ነው፣ እሱም ጥቁር። ከጆሮው በታች ደግሞ ክብ ትልቅ ቅርፊት አለው፤ ቮካይ ያ የለውም።

«ደግመሽ እዪው ልጄ። አርጅቶ ይሆናል።»

«ደግሜ አየሁት አባባ። የውጭው ነው። ሴት ናት፤ እንቁላል ይዛለች።»

መገደል አለባት ማለት ነው። አፒሳይ ያንጎና የቀረበለት እንግዳ አይነካም አላት። ሊቲያም የአገሩ ልጅ ናትና ታውቃለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ግን ጫጩቶቹ የሰፈሩን ጎደሬ ሊጨርሱ ነው። ወጥመድ ቢዘረጋ እንሽላሊቷ አልወርድ አለች። እሱ ካልጠራት እንደማትወርድ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ሹሙ ለመነው፤ እምቢ የሚልበት አፍ አልነበረውም። አበባ ቀጥፎ ዘረጋላት። መጣች።

እንሽላሊቷ የተገደለች ዕለት አመሻሽ ላይ እንደ ወትሮው ለያንጎና ተሰበሰብን። ሁሉም እኔን ያያል፤ አንድ ቀልድ ብወረውር ነገሩ ቀለል ይል ነበር። እኔ ግን ዝም አይነቅዝም ብዬ የደረሰኝን ጽዋ ጠጣሁ።

አፒሳይ ቀና ብሎ አየኝ።

«ምነው ዛሬ አልሰደብከኝም?» አለኝ። «ሰው ሞቷል እንዴ?»